ለአማካይ ሰው የተሠራ ወንበር

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው "ከሙያህ አንድ ነገር አምጣልን፤ ግን ምሳ እንዳታዘገይ" ብሎኛል። የእኔ ሙያ መቀመጫ ነው። ከሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ከወጣሁ በኋላ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት "ሾፌር መኪና ውስጥ እንዴት ይቀመጥ?" በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ይህን ስናገር የማይስቅ ሰው አላጋጠመኝም። እናቴ ራሷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ለመቀመጥ ነው እንዴ አምስት ዓመት ሙሉ ያስተማርንህ?" ትለኝ ነበር።

ዛሬ ያመጣሁላችሁ ርዕስ ጠባብ ነው። ዝቅ ባለች የስፖርት መኪና ውስጥ ምቹ የመንጃ አቀማመጥ እንዴት ይገኛል? የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከመካከላችን ልጅ አሳድጎ፣ የቤት ዕዳውን ጨርሶ፣ በወጣትነቱ የተመኛትን ባለ ሁለት በር መኪና የገዛ፣ ወይም "ልግዛ አልግዛ" እያለ የሚያሰላስል ሰው ጥቂት አይደለም። ፈገግ ያላችሁትን ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ። ሁለተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው፤ ከፍ ባለ መኪና ውስጥ የአቀማመጥ ጉድለት ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። በስፖርት መኪና ውስጥ ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወገብ ወይም ጉልበት ወይም ትከሻ መናገር ይጀምራል። ስለዚህ እዚያ የሚገኘው ትምህርት ቪትዝ ለሚነዳውም፣ ላንድክሩዘር ለሚነዳውም ይጠቅማል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ምቾት ከወንበሩ ልስላሴ አይመጣም። ምቾት የሚመጣው መኪናው ለእያንዳንዳችሁ አካል፣ በተገቢው ቅደም ተከተል ሲስተካከል ነው። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ከእግር ይጀምራል። የቀረው ንግግሬ የዚህ ማብራሪያ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

እስቲ የስፖርት መኪና ለምን ዝቅ እንደሚል እንይ። ከልኩ በላይ የጫነ አይሱዙ ኩርባ ላይ ሲያጋድል አይታችኋል። ክብደቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መኪናው ሲታጠፍ ወደ ጎን ይጎተታል። የስፖርት መኪና ሠሪው ይህንን ሊሸሽ ሁሉንም ነገር ዝቅ ያደርጋል፤ ሞተሩን፣ ጣሪያውን፣ ወለሉን። ሾፌሩም ክብደት ነውና እሱንም ዝቅ ያደርገዋል። ከፍ ባለ መኪና ላይ የምንቀመጠው እንደ ምግብ ጠረጴዛ ወንበር ነው፤ ጭን አግድም ይሆናል፣ ቅልጥም ወደ ታች ይወርዳል፣ የእግራችንን ክብደት ወለሉ ይሸከምልናል። በስፖርት መኪና ውስጥ ግን ዳሌ ወደ ወለሉ ይጠጋል፣ እግር ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ጣሪያው ዝቅ ስላለ ጀርባም ወደ ኋላ ይጋደማል። ጭንን ከሥር የሚደግፈው ነገር ካልተገኘ ሙሉ ክብደት መቀመጫ ላይ ያርፋል። ዳሌ ወደ ኋላ ይዞራል፣ የወገብ የተፈጥሮ ጉብጠት ይጠፋል። ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ ለሚመጣው የወገብ ሕመም መንስኤው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ዝቅታው ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1960ዎቹ ፎርድ የሠራው ጂቲ40 የተባለው የእሽቅድምድም መኪና 40 የሚለውን ቁጥር ያገኘው ከቁመቱ ነው። 40 ኢንች፣ ማለትም አንድ ሜትር ከሁለት ሳንቲሜትር ገደማ። ይህ የተደገፍኩት የመናገሪያ ጠረጴዛ ይበልጠዋል። ታዲያ ከሾፌሮቹ አንዱ አሜሪካዊው ዳን ገርኒ ነበር፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከ90 በላይ። የራስ ቁር አድርጎ ሲገባ ጭንቅላቱ ጣሪያ ይነካል። ምን ተደረገ? "ሰውዬው ያጎንብስ" አልተባለም። ከጭንቅላቱ በላይ ያለው የጣሪያ ክፍል ወደ ላይ እብጥ ተደርጎ ተሠራለት። ያቺ እብጠት እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። በ1967 ገርኒ ከኤ. ጄ. ፎይት ጋር የለ ማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድምን ያሸነፈው ባለ እብጠቷን መኪና እየነዳ ነው። ለአየር ፍሰት ተብሎ በጥንቃቄ የተቀረጸን ጣሪያ ለአንድ ሰው ጭንቅላት ሲሉ ቀየሩት። ምክንያቱም 24 ሰዓት ሙሉ አንገቱን ሰብሮ የሚነዳ ሰው እንደማያሸንፍ ያውቁ ነበር።

እኛ ግን መኪና ስንገዛ ጣሪያ የሚያስቀይር አቅም የለንም። መኪናው የተሠራው ለማን እንደሆነ ማወቅ ግን እንችላለን። "ለአማካይ ሰው" የምትሉ ካላችሁ፣ አማካይ ሰው የሚባል የለም። ይህንን በቁጥር ያሳየው ጊልበርት ዳንኤልስ የተባለ ወጣት የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪ ነው። በ1950 አየር ኃይሉ የአውሮፕላኖቹን የአብራሪ ክፍል ስፋት ለማሻሻል ከ4,000 በላይ አብራሪዎችን አስለካ። ዳንኤልስ ከልኬቶቹ መካከል ለአብራሪ ክፍል ይበልጥ ያስፈልጋሉ ያላቸውን አሥር መረጠ፤ ቁመት፣ የደረት ዙሪያ፣ የክንድ ርዝመት፣ የመሳሰሉትን። "አማካይ" የሚለውንም ሰፋ አድርጎ፣ በመካከለኛው 30 በመቶ ውስጥ የወደቀ ሁሉ አማካይ ይባል አለ። ከዚያ ከ4,063 አብራሪዎች መካከል በአሥሩም ልኬት አማካይ የሆኑት ስንት እንደሆኑ ቆጠረ።

እዚህ የተቀመጣችሁ የስታቲስቲክስ መምህራን መልሱን ሳትገምቱት አትቀሩም። አንድም ሰው አልነበረም። አንዱ እጁ ረጅም ሆኖ እግሩ አጭር ነው፤ ሌላው ደረቱ ሰፊ ሆኖ ዳሌው ጠባብ ነው። የአብራሪው ክፍል ለአማካይ ሰው ተብሎ ከተሠራ፣ በልኩ የተሠራለት ሰው የለም ማለት ነው። አየር ኃይሉ ከዚያ በኋላ መቀመጫው፣ ፔዳሉ፣ የራስ ቁር ማሰሪያው ሁሉ የሚስተካከል እንዲሆን ጠየቀ። ዛሬ መኪናችሁ ወንበር ሥር ያለችው ማንሻም የዚሁ አስተሳሰብ ዘመድ ናት። ለጌጥ የተገጠመች አይደለችም፤ "አንተን አላውቅህም፣ ራስህ አስተካክለው" ማለቷ ነው። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛው ሰው መኪናውን በገዛበት ቀን አንዴ ይነካታል፣ ከዚያ እስኪሸጠው አይደግማትም።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ ልግባ። ለምን ከእግር እንደሚጀምር ለማስረዳት ከፈረስ የተሻለ አላገኘሁም። የማዝዳ መሐንዲሶች በ1989 ለገበያ የቀረበችውን ኤምኤክስ-5 የተባለችውን ትንሽ ክፍት መኪና ሲሠሩ መመሪያቸው ያደረጉት "ጂንባ ኢታይ" የሚለውን የጃፓን አባባል ነበር። ፈረሰኛና ፈረስ አንድ አካል ሲሆኑ እንደማለት ነው። ይህ ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ንጉሦቻችን ሳይቀሩ በፈረሳቸው ስም የሚጠሩበት አገር ልጆች ነን። ታዲያ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ኮርቻ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያስተካክለው ልጓሙን ነው? አይደለም፤ እርካቡን ነው። እርካብ ከረዘመ እግር ይንጠለጠላል፤ ካጠረ ጉልበት ይታጠፋል። እግር ካልተረጋጋ እጅ ልጓሙን ለመምሪያ ሳይሆን ለመደገፊያ ይይዘዋል፤ ያኔ ፈረሱም ይታወካል። መኪና ላይም መሪ ላይ ተንጠልጥሎ የሚነዳ ሰው ስታዩ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ እጁ ላይ አይደለም፤ ከወንበሩ ርቀት ነው።

እንግዲህ በተራ እንሂድ።

መጀመሪያ የኋላ ኪሳችሁን ባዶ አድርጉ። ስልክም፣ የገንዘብ ቦርሳም፣ የቤት ቁልፍም ይውጣ። ወፍራም ካፖርት ካለ ይውለቅ። ከዚያ መቀመጫችሁን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፉ፤ ወንበሩና መደገፊያው የሚገናኙበት ጥግ ውስጥ ይግባ። በዳሌና በመደገፊያው መካከል ክፍተት ካለ፣ ከዚህ በኋላ የምታስተካክሉት ሁሉ ውሸት ነው።

ቀጥሎ ከፍታውን። ጣሪያው እስከፈቀደ ድረስ መንገዱን በደንብ እስክታዩ ከፍ በሉ፤ ግን በጭንቅላታችሁና በጣሪያው መካከል ቢያንስ አራት ጣት የሚያስገባ ቦታ ይቅር። የስፖርት መኪና ገዢ ሁሉ ወንበሩን እስከ ታች የማውረድ ፍቅር አለበት። አጭር ሰው እንደዚያ ሲያደርግ መንገዱን የሚያየው በመሪው ቀለበት ውስጥ አሾልቆ ይሆናል።

ሦስተኛው የወንበሩ ርቀት ነው። መኪናው ባለ ማርሽ ከሆነ ፍሪሲዮኑን በውስጥ እግራችሁ እስከ ወለሉ ድረስ ርገጡ። ያኔ ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። አውቶማቲክ ከሆነ፣ ሕፃን ድንገት መንገድ የገባ ይመስል ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ረግጣችሁ ጉልበታችሁን ተመልከቱ። ጉልበት ቀጥ ካለ እግር ጉልበት የለውም፤ በግጭት ጊዜም ምቱ በቀጥታ ወደ ዳሌ አጥንት ይሄዳል። ወንበሩ በጣም ከቀረበ ደግሞ ጉልበት ከመሪው ሥር ይጋጫል፣ ከፍሬን ወደ ነዳጅ መስጫ ለመዞር እግርን በሙሉ ማንሳት ግድ ይሆናል። ተረከዝ ወለሉ ላይ እንዳለ እግር ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር ከቻለ ርቀቱ ልክ ነው።

አራተኛው መደገፊያው ነው። የስፖርት መኪና ሰውን ወደ ኋላ መንጋለል ያምረዋል፤ ፊልም ላይ ያየነው እንደዚያ ስለሆነ። ግን ተንጋሎ የሚነዳ ሰው መንገዱን ለማየት አንገቱን ወደ ፊት ይሰብራል፤ ማታ ላይ "ትራሱ ነው መሰለኝ" ይላል። መደገፊያው ከመቀመጫው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይበጃል። መለኪያው ግን ትከሻችሁ ነው፤ መሪውን ስታዞሩ ትከሻችሁ ከመደገፊያው መላቀቅ የለበትም። የወገብ መደገፊያ ካለው፣ ቀበቶ ከምታስሩበት ቦታ ላይ በቀስታ እስኪነካችሁ ብቻ አውጡት። የሚገፋችሁ ከሆነ በዝቷል።

አምስተኛ፣ አሁን ገና ወደ መሪው መጣን። ትከሻችሁን ሳታላቅቁ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፤ የእጃችሁ አንጓ በመሪው የላይኛው ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። የሚያርፈው መዳፍ ወይም ጣት ከሆነ መሪው ርቋል፤ ክንድ ከሆነ ቀርቧል። መሪው የሚሳብ ከሆነ ሳቡት፤ ካልሆነ መደገፊያውን ትንሽ አቅኑ። ከዚያ በሰዓት መልክ 9 እና 3 ቁጥር ላይ ያዙት፣ ክርናችሁ ይታጠፍ። እዚህ ላይ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር አያስቸግርም። በእጃችን ሰዓት ላይ 9 ቁጥርን ሦስት ሰዓት፣ 3 ቁጥርን ዘጠኝ ሰዓት ብለን ስለምናነብ በየትኛውም አቆጣጠር መልሱ አንድ ነው። ማርሹንም ሞክሩት፤ ከሁሉ ወደ ሚርቀው ማርሽ ስትከቱ ትከሻችሁ ከወንበሩ መነሳት የለበትም።

መጨረሻ ላይ የጭንቅላት መደገፊያው፣ ቀበቶውና ስፖኪዮው። የጭንቅላት መደገፊያው ለመተኛ አይደለም፤ ከኋላ ስትገጩ አንገት እንዳይቀጭ ነው። አናቱ ከአናታችሁ ጋር ይስተካከል፣ በተቻለ መጠን ወደ ጭንቅላታችሁ ይቅረብ። የቀበቶው የታችኛው ክፍል ሆድ ላይ ሳይሆን የዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ። ስፖኪዮ የመጨረሻ የሆነው፣ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ቦታ አሁን ገና ስለታወቀ ነው። ብዙ ሰው ግን ገብቶ በመጀመሪያ የሚነካው ስፖኪዮውን ነው።

ይህን ሁሉ ከጨረሳችሁ በኋላ ከላይ ጀምራችሁ አንዴ ድገሙት። አንዱን ስትነኩ ሌላው ይዛነፋልና።

እንዲህ ሲወራ ቀላል ይመስላል። በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር፣ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የተማረ ጓደኛ አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ86 ነው። ተማሪ ሳለን የመኝታ ቁም ሣጥኑ በር ላይ የለጠፋት የቀይ ስፖርት መኪና ሥዕል ነበረች። ጡረታ ሲወጣ የእሷን ታናሽ እህት የመሰለች፣ ያገለገለች ባለ ሁለት በር መኪና ገዛ። ሁለት ወር ሳይሞላው ስልክ ደወለልኝ፤ "አንተ፣ ልሸጣት ነው። ቀኝ እግሬ ይደነዝዛል። ሐኪሙ ከጀርባህ ነው ብሎኛል። አርጅቻለሁ፣ በቃ።"

መኪናዋን ከመሸጡ በላይ ያሳዘነኝ "በቃ" ያለው ነገር ነበር። ሚስቱን በሞት ከተነጠቀ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣው ነገር ያቺ የእሑድ ጠዋት ጉዞ ብቻ እንደነበረች አውቃለሁ። ለሥራ ወደዚያ ስሄድ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ተገናኘን። ገብቶ እንዲቀመጥ ነገርኩትና ዝም ብዬ አየሁት። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶታል፤ "ረጅም ነኝ" ከሚል እምነት። እግሩ ቀጥ ብሏል። መሪው ስለራቀው ከወገቡ ላይ ተነስቶ ወደ ፊት ያጎነብሳል። በቀኝ የኋላ ኪሱ ደግሞ ሦስት ጣት የሚወፍር ቦርሳ አለ፤ የሃያ ዓመት ደረሰኝ የያዘ። ወፍራም ቦርሳ ላይ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ዳሌን ያዛንፋል፣ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊጫን ይችላል።

አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ቦርሳው ወጣ። ወንበሩ ወደ ፊት መጣ፤ ሲመጣ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። መሪውን ከፍ አደረግነው፤ ያኔ የፍጥነት መለኪያው ተከለለበት። ወንበሩን በአንድ ጣት አወረድነው፣ መደገፊያውን አቀናነው። ረጅም ጭን ስላለው የወንበሩ ጫፍ ከጉልበቱ ብዙ ይርቅ ነበር። የሚረዝም መቀመጫ አልነበረውምና ፎጣ ጠቅልለን ከጭኑ ሥር አስገባንለት። ሁሉም ነገር ፍጹም አልሆነም፤ ፎጣው በኋላ በስፖንጅ ተተካ፣ ረጅም መንገድ ላይ ደግሞ በየሰዓቱ ወርዶ እንዲራመድ ተስማማን። ሐኪሙንም አልተወውም፤ እኔ መሐንዲስ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። መኪናዋ ግን አልተሸጠችም። ባለፈው እሑድ ከጉዞው ፎቶ ልኮልኛል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ረጅም ሰው ነው። አጭር ሰው ላይ ያለው ጉዳይ ከምቾት ያልፋል። ኤርባግ የሚፈነዳው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው። ሕይወት የሚያድነው ተነፍቶ ካለቀ በኋላ ሰው ሲያርፍበት ነው። እየተነፋ ሳለ ያገኘው ደረት ላይ ግን እንደ ቡጢ ነው። በ1990ዎቹ በአሜሪካ በዝቅተኛ ፍጥነት በተከሰቱ ግጭቶች፣ ከመሪው ጋር ተጣብቀው የተቀመጡ ሾፌሮች በኤርባጉ ራሱ ሞተዋል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ቁመታቸው አጭር የሆነ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የኤርባጎቹ ኃይል እንዲቀነስ ተደረገ። የአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም በደረት አጥንትና በመሪው መሐል መካከል ቢያንስ 25 ሳንቲሜትር ገደማ ርቀት እንዲኖር ይመክራል። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት በሉት።

አንዲት በዕድሜ የሚበልጡኝ የዚሁ ግቢ ምሩቅ አሉ፤ ቁመታቸው አንድ ሜትር ከ52 ነው። አገር ቤት ሳሉ ለዓመታት ከፍ ያለ የመሥሪያ ቤት መኪና ነድተዋል። ልጃቸው የገዛላትን ስፖርት ቅርጽ ያላት መኪና ተረክበው ሲነዱ ሜትር ይዤ ለካሁ፤ 17 ሳንቲሜትር። "እትዬ፣ ትንሽ ወደ ኋላ በሉ" ስላቸው፣ "ልጄ፣ ወደ ኋላ ካልኩ ፍሬኑን ማን ይረግጥልኛል?" አሉኝ። ትክክል ነበሩ። እግርን ሳያስቡ ስለ ደረት ማውራት አይቻልም። ስለዚህ ወንበሩን ከፍ አደረግነው፤ ከፍ ሲል ሁለት ማንሸራተቻ ወደ ኋላ ማለት ቻሉ፣ ፍሬኑም አልራቃቸውም። መደገፊያው በትንሹ ተጋደመ። መሪው ወደ ታች ወረደ፤ ኤርባጉ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ደረት እንዲያይ። ስንለካ 26 ሆነ። ይህ ካልበቃ በባለሙያ የሚገጠም የፔዳል ማራዘሚያ አለ። ወፍራምና ለስላሳ ትራስ ላይ መቀመጥ ግን አልመክርም፤ በግጭት ጊዜ ተንሸራቶ ቀበቶውን ወደ ሆድ ያወጣዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ልትጠይቁት የሚገባው ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ "የፈረስ ጉልበቱ ስንት ነው?" ሳይሆን "ምኑ ምኑ ይስተካከላል?" በሉ። በመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ላይ መሪው ወደ ላይም ወደ ታችም፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አይሄድም ነበር። መሪን ወደ ሾፌሩ መሳብ የተቻለው በ2019 ሞዴል ነው፤ ሠላሳ ዓመት ማለት ነው። መኪናዋ በዓለም ከተሸጡ ባለ ሁለት ወንበር ክፍት የስፖርት መኪኖች ሁሉ ቀዳሚዋ ናት፣ ረጅም እግር ያለው ሰው ግን ያንን ሁሉ ዓመት በልኩ አልተቀመጠባትም። በሌላው ጫፍ ደግሞ በ2013 የወጣው ላፌራሪ አለ። እሱ ላይ ወንበሩ አይንቀሳቀስም፤ ፔዳሉና መሪው ናቸው ወደ ሾፌሩ የሚመጡት። ፎርሙላ ዋን ውስጥማ የእያንዳንዱ ሾፌር ወንበር በአካሉ ቅርጽ ተቀርጾ ይሠራል። እኛ ያንን አናገኝም። ግን ሻጩን "ግማሽ ሰዓት ልቀመጥባት" ማለት እንችላለን። አምስት ደቂቃ ዞሮ መመለስ ምንም አይነግርም፤ አካል የሚናገረው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው።

"የስፖርት መኪና የት አለንና" ለምትሉኝ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ በአብዛኛው ከወለሉ ሥር ስለሚተኛ ወለሉ ከፍ ይላል። ጣሪያው አብሮ ካልጨመረ ወንበሩና ወለሉ ይቀራረባሉ፤ ጉልበት ወደ ላይ ይነሳል፣ ጭን ከወንበሩ ይላቀቃል። ከውጭ ሲያዩት ረጅም የቤተሰብ መኪና ነው፤ እግራችሁ ግን ያለው የስፖርት መኪና ውስጥ ነው። አሁን ያልኳችሁ ቅደም ተከተል እዚያም ይሠራል።

አሁን ለመምህሮቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ በሙያዬ የተጠቀምኩባቸው የአካል ልኬት ሠንጠረዦች የተሠሩት በሌሎች አገሮች ሰዎች፣ መጀመሪያ ላይም በወታደሮች ላይ ነው። የሌላውን ሰው ክንድ ይዘን ለራሳችን ሾፌር ወንበር ስንቆርጥ ኖረናል። የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ ሜትር፣ ወንበር፣ መዝገብ። የሜካኒካል ተማሪ፣ የጤና ሳይንስ ተማሪና የስታቲስቲክስ ተማሪ ሦስት ሆነው፣ ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ላይ የሚውለውን ሾፌርና ከተማ አቋራጭ የአውቶቡስ ሾፌሩን ቢለኩ ለመመረቂያ ሥራ ይበቃል። የጀመረ ተማሪ ካለ ለሜትሩም፣ ለመዝገቡም፣ ለምክሩም እኔ አለሁ። አድራሻዬን ኮሚቴው ያውቀዋል።

ለቀራችሁት የቤት ሥራዬ ቀላል ነው። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ጉልበታችሁን እዩ። ከዚያ አንጓችሁን መሪው ላይ አሳርፉ። ባለቤታችሁም ያንኑ መኪና የምትነዳ ወይም የሚነዳ ከሆነ፣ "ወንበሬን ማን ነካው?" ብሎ መቆጣት ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ሁለታችሁም በየተራችሁ ንኩት፤ የተሠራው ለዚያ ነው።

ኮሚቴው ሰዓቱን እያየ ነው። ምሳው እንዳይቀዘቅዝ እዚህ ላይ ላብቃ።